እህቴ፣ ያንን ካርድ እንዳትገዢው

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤው እንቅልፍ አጣሁ። «አባቴ 76 ዓመቱ ነው፤ የመርሳት በሽታ አለበት ተብለናል፤ ድሮ ዳማ ይወድ ነበር፤ አሁን ከውጭ የሚመጣ የማስታወሻ ካርድ አለ አሉኝ፤ ምን ልግዛለት?» ነው ያልሽው። ደብረ ሲና ነን ብለሻል። እኔ ከዋሻው ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ። የኔ አባት 79 ዓመቱ ነው፤ የመንዝ ሰው። ከታመመ አራተኛ ዓመቱን ያዘ። ስለዚህ ቤታችሁን ሳላየው አውቀዋለሁ።

አልዛይመር ነው ወይስ የመርሳት በሽታ ብለሽ አትጨነቂ። አልዛይመር ከመርሳት በሽታ አንዱ ዓይነት ነው፤ ከ100 ታማሚ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው የእሱ ነው። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 የደም ምርመራ ካልተደረገለት ግን አስደርጊለት፤ የእነሱ መጓደልም ያስረሳል። ይህን ካልኩ ወደ ጨዋታው ልግባ። በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. የማስታወሻ ካርድ የሚሉትን አትግዢ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ናት። ደግ ናት፣ አልወቅሳትም። «ለዚህ በሽታ ተብሎ የተሠራ ነው» ብላ ላከችልኝ። ካርዶቹን ስዕላቸው ወደ ታች እንዲሆን ደፍተሽ ትደረድሪያለሽ፤ ሁለት ሁለት እየገለጥሽ ተመሳሳዩን ስዕል ትፈልጊያለሽ። ዕቃው አዲስ አበባ ደርሷል ተባልኩ። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ሲስተም የለም። በሁለተኛው ቀን ፈራሚው የለም። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሣጥኑን ከፈተና «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለኝ። «ለ79 ዓመት አባቴ» አልኩት። ሳቀ። ብቻውን ቢስቅ ምን ነበረበት፣ ጓደኛውን ጠራው። «ና ስማ፣ ለሽማግሌ መጫወቻ አስመጥታለች!» አለው። እኔ ያኔ አፌ ተሳሰረ። መልሱ የመጣልኝ መኪና ውስጥ፣ ጫጫ ላይ ነው። ጥሩ መልስ ነበር፤ እዚህ ግን አይጻፍም። 3,400 ብር ቀረጥ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ወንድሜ ሣጥኑን አገላብጦ አነበበው። «የመርሳት በሽታ ላለባቸው» ብሎ ጮክ ብሎ ተረጎመው። አባዬ ሌላ ጊዜ ሲጠሩት አይሰማም፤ ያን ቀን ሰማ። «ማን ነው የረሳው?» አለ። በዚህ ስሜት ጀመርነው። ስዕሎቹ እንጆሪ፣ መርከብ፣ ካሮት አፍንጫው ላይ የተሰካ የበረዶ ሰው ናቸው። አባዬ በረዶ ያውቃል። ገብስ የሚያወድመውን በረዶ ያውቃል። ካሮት ያለውን ግን የት አይቶት!

አንዱን ገለጠ። ሁለተኛውን ገለጠ፤ አልገጠመም። ተራው ሲደርሰው ያንኑ ደገመው። «አባዬ፣ አሁን እኮ አየኸው!» አልኩት። አሁንም ደገመው። «አስታውስ እንጂ!» አልኩት። ካርዱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ልጄ፣ ፈተና ላይ ነው ያስቀመጥሽኝ?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ በኋላ 11 ቀን አጠገቤ ቁጭ አላለም። ካርዱን ረስቶታል፤ ቅያሜውን ግን አልረሳም። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ ነገሩ ይጠፋና ስሜቱ ይቆያል።

3,400 ብሩ አይደለም የቆጨኝ። ያ ጨዋታ የሚጠይቀው ልክ የጎደለውን ነገር ነው። ክንዱ የተሰበረን ሰው መጅ አስጨብጦ ፍጭ እንደማለት ነው። እኔ ደግሞ ከጎኑ ቆሜ «እንዴት አቃተህ?» እል ነበር።

2. እጁ የሚያውቀውን ፈልጊ።

ይኼ የመጣልኝ በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ ምስር እለቅማለሁ። አባዬ ከጎኔ ነው። የጣልኩትን ጠጠር ሰበሰበና መሬት ላይ በረድፍ ከመረው። ከዚያ ከአንዱ ክምር አፍሶ አንድ አንድ እየጣለ መሄድ ጀመረ። ገበጣ! ልጅ ሆኖ በግ ሲጠብቅ መሬት ቆፍሮ ይጫወተው ነበር። ቁርስ መብላቱን የማያስታውስ ሰው እጁ አልተሳሳተም። አዲሱ ነገር ቀድሞ ይጠፋል፤ እጅ የለመደው ብዙ ይቆያል።

ቦርድ አልገዛሁም። ባለ 30 የእንቁላል ካርቶን ወስጄ ስድስት ስድስት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ቆረጥኩ። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ሲበዛበት 3 አደረግነው። በከበደው ቀን አንዱን ረድፍ ብቻ እንጫወታለን። ሴት ልጅ ከአባቷ ጋር ገበጣ ትቀመጣለች ወይ ያሉኝ ጎረቤቶች ነበሩ። አሁን ካርቶን የሚለምኑኝ እነሱ ናቸው።

ያንቺ አባት ዳማ ይወዳል ካልሽ ዳማው ይቅደም። ግን የቆርኪ ዳማ አንዱ በፊቱ፣ አንዱ በጀርባው ስለሚቀመጥ ለደከመ ዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔ የአንዱን ወገን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁት። ቦርዱ የሚያብለጨልጭ አይሁን። ከሥሩም ጥቁር ጨርቅ አታንጥፊ፤ ጥቁሩ እንደ ጉድጓድ ሊታየው ይችላል። አባዬ በር ላይ ያለውን ጥቁር ምንጣፍ አልረግጥም ብሎ አንድ ሳምንት አስቸግሮናል፤ ምክንያቱ እስኪገባን።

ስለ ዳማ ካነሳሁ አይቀር፣ ሰፈራችን ጥግ ላይ የሚጫወቱ ሽማግሎች አሉ። የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል። አባዬ በቀን አምስት ስድስቴ ሲከፍል ከረመ። መክፈሉን ይረሳላ! ይህን እያወቁ ደጋግመው ያስከፈሉት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። አንድ ሰውዬ ግን አሉ፣ አባዬ ያለ ተራው ሲያንቀሳቅስ ዝም ብለው ቆይተው «አንቱ፣ ጥሩ አሰቡ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ካገኘሽ ሻዩን አንቺ ክፈይ።

3. ወደ አፍ የሚገባ ነገር አትስጪው።

መጀመሪያ በባቄላ ሞከርኩ። ጨዋታው ሳያልቅ ባቄላው አለቀ፤ ጥሬውን ቆረጣጠመው። ጥርሱ ተርፏል። በጉሎ ፍሬ ተጫወቱ የሚልሽ ሰው ካለ እንዳትሰሚ፤ መርዝ ነው። እኔ ከበሬሳ ወንዝ ለስላሳ ድንጋይ ለቅሜ፣ አፍልቼ አጠብኩት። ከቆርኪ የሚበልጥ ይሁን። የኛ አገር ብርድ ጣት ስለሚያደነዝዝ ትንሽ ነገር ለመያዝም ያስቸግራል።

4. ሰዓት ምረጪ።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ከቡና በኋላ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሲሰለቸው ተዪው። ሌላው ሰዓት ደግሞ ማታ ነው፤ እሱን ልንገርሽ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባዬ ይረበሻል። ያንቺም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ወደ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ይነሳና «በጎቹ አልገቡም፣ ጅብ ይጨርሳቸዋል» ይላል። ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ በር ላይ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ «አባዬ፣ በግ የለንም፤ ደብረ ብርሃን ነው ያለነው» እያልኩ ስታገለው ኖርኩ። አንድ ጊዜ በዱላው አጥር ሰብሮ ወጥቷል። ደንግጬ አለቀስኩ።

አንድ ማታ ደከመኝ። ካርቶኑን አመጣሁና «እውነትህን ነው፤ ና አብረን እናስገባቸው» አልኩት። ቁጭ አለ። ድንጋዩን አንድ አንድ እያለ በየጉድጓዱ አስገባ። «ሞሉ?» አለኝ። «ሞሉ አባዬ» አልኩት። እሱ 40 ይላል፣ ሌላ ቀን 60 ይላል። ይበል። ጋቢውን አውልቆ እራቱን በላ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ማታችን እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ 9 ዓመቱ ነው፤ «አያቴ አጭበረበረ!» ብሎ ሲጮህ ለብቻው ጠርቼ እዚህ ቤት አያትህ ያሉት ነው ሕጉ ብዬዋለሁ። አሁን ከእኔ የተሻለ ተጫዋች እሱ ነው።

ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ስንሄድም ካርቶኑን ይዤ ነበር። ወረፋ ስንጠብቅ ሁለት የማናውቃቸው አባቶች መጥተው ከአባዬ ጋር ተጫወቱ። ተከራከሩም። አባዬ እንደዚያ ቀን ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

5. ምን ልል ነበር? አዎ፣ ጨዋታው አእምሮ ይመልሳል ብሎ የሚሸጥልሽን አትመኚው፤ በሽታውን አያቆመውም። ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰበት ሐኪም ቤት ውሰጂው። የአባዬ አንድ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኝቷል።

ድንጋይ ከፈለግሽ ከበሬሳ የለቀምኩት ትርፍ አለኝ፤ ወደዚህ ስትመጪ ጻፊልኝ። ካርዱም ቁም ሣጥን ላይ አለ። የሚወስደው ካለ ቀረጡን እንኳ አልጠይቅም።