ስክራንተን ለቀራችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ስለ ቤዝቦል ልጽፍ ነው ስላት ባለቤቴ ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም፤ ጨዋታውን ያስተማረኝ ልጄ ነው፣ እሱም ብዙ ተቸግሮ። ግን ፈተና ወደቅኩ፣ ወደ ኋላ ቀረሁ እያላችሁ ስትመጡ አሮን ጃጅ ትዝ ይለኛል።

ጃጅ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ 62 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር አሳልፎ መምታት ነው) የመታው የኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድን አውትፊልደር፣ ማለትም የሜዳው የኋላ ክፍል ተከላካይ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። በ2010 ሃይስኩል ሲጨርስ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት የኦክላንድ ቡድን በ31ኛው ዙር መረጠው። አልሄደም፤ ፍሬስኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ወላጆቹ አስተማሪዎች ናቸው፣ ይገባኛል። በ2013 ያንኪስ በመጀመሪያው ዙር፣ ከተመራጮች ሁሉ 32ኛ አድርጎ ወሰደው። ያኔ ደግሞ ሩጫ ሲለማመድ የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ የቀረውን ዓመት ሳይጫወት ቀረ።

ወደ ዋናው ሊግ ከመግባት በፊት የሚጫወቱበት ማይነር ሊግ እንደ መሰላል ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲንግል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ። በ2014 ቻርልስተን ላይ 0.333 መታ፤ ከሦስት አንዱን ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ታምፓ፣ ከዚያ ትሬንተን። በ2015 አጋማሽ ወደ ትሪፕል ኤ፣ ከዋናው ቡድን አንድ ደረጃ ብቻ ወደሚቀረው ወደ ስክራንተን ወጣና 0.224 ላይ ወረደ። እዚያ ያሉት ኳስ ወርዋሪዎች ልምድ አላቸው፤ ድክመትህን ካወቁ አይለቁህም። በ2016 ያው ስክራንተን እንደገና ጀመረ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ጃጅ ሲፈርም 1.8 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። እንዲህ ያልተከፈላቸው ብዙ የማይነር ሊግ ልጆች ጨዋታ በሌለበት ወቅት ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። ደሞዛቸው ከፍ ያለው በ2023 በማኅበራቸው ስምምነት ነው። ስለዚህ «ታገሡ» የሚላችሁ ሰው ሲያጋጥም የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ጠይቁት።

ነሐሴ 2016 ያንኪስ ወደ ዋናው ቡድን ጠራው። በመጀመሪያ ተራው ሆም ራን መታ! ከዚያ በኋላ ግን ጉድ ሆነ፤ 84 ጊዜ ሞክሮ 42ቱን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሷን ሳይመታ ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ተሰናበተ። 0.179። ቁጥሯን ስልኩ ላይ ጻፋት፣ በየቀኑም ያያት ነበር። የጨዋታው ወቅት ካለቀ በኋላ አመታቱን ከአሰልጣኝ ጋር ሆኖ ከሥር ጀምሮ አስተካከለ።

እኔ እንዲህ ብልህ አልነበርኩም። አዲስ አበባ ፋርማሲ ሳስተዳድር የነበርኩ ሰው እዚህ መጥቼ ጠርሙስ ላይ ስም እለጥፍ ነበር። የፈቃድ ፈተናውን መጀመሪያ ስወድቅ ስድስት ወር ሙሉ ፈተናውን ስረግም ከረምኩ። የውጤቱን ወረቀት እንኳን በቅጡ አላነበብኩትም። በኋላ ሳየው ችግሬ እዚያው ተጽፏል፤ መድኃኒቶቹን በአሜሪካ ስማቸው አላውቃቸውም። እኔ ፓራሲታሞል የምለውን እነሱ ታይለኖል ይሉታል። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስም መሸምደድ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ጃጅ በ2017 52 ሆም ራን መታ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። በዚያው ዓመት 208 ጊዜ በስትራይክ አውት ወጥቷል፤ በሊጉ ከሁሉም በላይ። ልጄ ይህን ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር።