ሴቷን አትስጡ

በቀደም አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ደወለልኝ። ግቢው ውስጥ ካፌ ሊከፍት ነው። «ጋሼ፣ ትልቅ የሽቦ ቤት ልሠራ ነው፤ መሃሉ ላይ ኩሬ ይኖረዋል። ዳክዬ አስገባበታለሁ። የትኛው ወንድ ነው ቀለሙ በጣም የሚያምረው?» አለኝ። ስለ ሴቷ ግን አንድም ነገር አልጠየቀኝም። እሱ ስልኩን ዘጋ፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ወሎ ተመደብኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙ የማይርቅ አንድ የመሥሪያ ቤት ግቢ ነበር። ስሙ ይቅር። ግቢው ውስጥ ዙሪያውም ጣሪያውም ሽቦ የሆነ ሰፊ የወፍ ቤት ነበር። ነጫጭ ዳክዬዎች፣ ጭንቅላታቸው አረንጓዴ የሆነ ወንዶች፣ ቡናማ ሴቶች ይኖሩበታል። የሚጠብቋቸው የቃሉ ወረዳ ሰው፣ ሽማግሌ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። ስለ ዳክዬ እርባታ ግን ዲግሪ ከያዝኩት ከእኔ እጅግ ይበልጡ ነበር።

እንቁላሉን ለዶሮ ነበር የሚያሳቅፉት። ነጯ ዳክዬ እንቁላል መጣል ታውቃለች፤ መታቀፍ ላይ ግን ሰነፍ ናት። ችግሩ፣ የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የዳክዬው 28 ቀን ይፈጃል። ዶሮዋ ሦስት ሳምንት ታቅፋ ተስፋ ቆርጣ ልትነሳ ትችላለች። ሽማግሌው ዶሮዎቹን አይተው «ይቺ ትቆያለች፣ ይቺ ትከዳናለች» እያሉ ይለዩ ነበር። መገመታቸው ይሁን ማወቃቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሲሳሳቱ ግን እምብዛም አላየሁም። ወደ መጨረሻው ሳምንት ላይ እጃቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው እንቁላሎቹ ላይ ያርከፈክፋሉ። «እናትየው ዋኝታ ስትመለስ ሆዷ እርጥብ ነው፤ ዶሮ ደረቅ ናት» ይሉኛል። እኔ ይህን የእርጥበት ጉዳይ የማውቀው በፐርሰንት ብቻ ነበር።

ጫጩቶቹ ሲወጡ ደግሞ ግቢው ቲያትር ቤት ይሆናል። ዶሮዋ ልጆቼ ብላ ትመራቸዋለች። ኩሬው ጋ ሲደርሱ ተንከባለው ይገባሉ። እሷ ዳር ላይ ወዲያ ወዲህ እየሮጠች ትጮኻለች። ሠራተኛው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወጥቶ ይስቃል። ሽማግሌው አይስቁም፤ ቶሎ ያወጧቸዋል። እናት ዳክዬ ያላሳደገችው ጫጩት ላባው ውሃ አይመልስም፤ ይርሳል፣ ይበርደዋል፣ ይሞታል። ላባ እስኪያወጣ የሚጠጣው ውሃ ይበቃዋል። ብቻ ሲጠጣ ጭንቅላቱን የሚነክርበት ያህል ጥልቀት ይኑረው፤ ዓይኑንና አፍንጫውን የሚያጥበው በዚያ ነው።

ከዚያ ስጦታ የሚባል ነገር መጣ። ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ኃላፊው ዳክዬ ይሸልማል። እንግዳው እንቁላል የምትጥል ይፈልጋል። ኃላፊው ደግሞ አረንጓዴዎቹ ወንዶች ለግቢው ውበት እንዲቀሩ ይፈልጋል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ፤ ሴቷ በካርቶን ተጭና ትሄዳለች። የጤና ወረቀቱን የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው አንድ ቀን በር ላይ ጠብቀውኝ «ዶክተር፣ አንተን ይሰማሃል። ሴቷን አትስጡ በለው» አሉኝ። «አብሽሩ፣ እነግረዋለሁ» አልኳቸው።

አልነገርኩትም። ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን የዳክዬ ጉዳይ ነው ብዬ ንቄው ነው።

ወንዶቹ በዙ። የቀሩትን ጥቂት ሴቶች እየተፈራረቁ ያሳድዷቸው ጀመር። ዳክዬ አብዛኛውን ጊዜ ወንድና ሴቱ የሚገናኙት ውሃ ላይ ነው፤ ወንዱ የሴቷን ማጅራት በአፉ ይዞ ይወጣባታል። ሁለት ሦስት ሲሆኑባት ትሰጥማለች። መጀመሪያ የአንገታቸው ላባ አለቀ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ኩሬው ላይ ሞተው ተንሳፍፈው መገኘት ጀመሩ። ጭራሽ አንዱ ወዳጅ ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ ያለበትን ትልቁን ሙስኮቪ ወንድ አምጥቶ ጨመረበት። ከተረፉት ሴቶች ጋር ተዳቅሎ ግዙፍ ግዙፍ ጫጩት ተወለደ። ሰው ሁሉ ተደሰተ፤ ኃላፊው ፎቶ ተነሳ። ግን የሙስኮቪና የተራው ዳክዬ ዲቃላ ልክ እንደ በቅሎ መካን ነው። ዘሩ እዚያው ቆመ። ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ወደ ቃሉ ተመለሱ። የሽቦው ቤት የማገዶ ማስቀመጫ ሆነ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዳክዬ ስትገዙ አስቀድማችሁ ሴቷን እዩ። ተራ ዳክዬ ከሆነ ለአንድ ወንድ አራት ወይም አምስት ሴት ይሁን። እንደ ማንዳሪን ያሉት ጌጠኞቹ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ካላችሁ ድምፃቸውን ስሙ። ከፍ አድርጋ «ቋ ቋ» የምትለው ሴት ናት፤ ወንዱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሻካራ ድምፅ ነው ያለው። ይህ ለተራው ዳክዬ ይሠራል፤ ሙስኮቪ ላይ አይሠራም፤ እሱ ሴቱም ወንዱም ዝምተኛ ነው።

የካፌው ልጅ ቲክቶክ ላይ ያየው ማንዳሪኑን ነው። የዘንድሮ ልጆች ሁሉን ነገር በቀለሙ ነው የምትመርጡት፤ ይቅርታ፣ ግን ነው። ማንዳሪን ወንዱ ከእርባታ ወቅት በኋላ ያን ሁሉ ላባ አራግፎ ሴቷን ይመስላል። ለጊዜው መብረርም አይችልም። ከሴቷ የምትለየው ምንቃሩ ቀይ ስለሆነ ብቻ ነው። ያኔ «ታመመብኝ» ብሎ ሊደውል ነው። በማንዳሪን አትጀምሩ እላለሁ። በእናንተ ዕድሜ ብሆን ግን እኔም እሱን ነበር የምገዛው፤ ልዋሽ አልችልም።

ትዕግሥት የላችሁም ልል ነበር። ግን ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ አንዲት ልጅ አለች። የእያንዳንዱን እንቁላል ቀን፣ ውስጡን በባትሪ ብርሃን አይታ ያገኘችውን፣ የእናትና የአባቱን ማንነት ስልኳ ላይ ትመዘግባለች። እኔ በደህናው ዘመኔ እንዲህ አልመዘገብኩም።

ደሴ ላይ ለማርባት ያሰባችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ 2,500 ይጠጋል። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ እንቁላል ቶሎ ውሃውን ያጣል፤ ውስጡ ያለው ጫጩትም ኦክስጅን ያንሰዋል። ከቆላ የመጣ እንቁላል ይበልጥ ይጎዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው በሃረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲናጥ የወጣ እንቁላል ደግሞ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ አንድ ቀን ይረፍ እንጂ በደረሰበት ሰዓት አይታቀፍ። እንቁላል ታቅፌ በሃረጎ መውጣቴ ሲነሳ፣ ረዳቱ «ዶክተር፣ ለቁርስ ነው?» ብሎ አውቶቡሱን ሙሉ ያሳቀብኝ ትዝ ይለኛል።

መኖ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። የዶሮ ጫጩት መኖ ለዳክዬ ጫጩት ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚን ያንሰዋል፤ እግሩ ይወላገዳል። የቢራ እርሾ መጨመር ይረዳል። የሻገተ በቆሎና የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ደግሞ በጭራሽ አትስጡ። በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ ዶሮዎች ያለቁት በሻገተ የለውዝ መኖ ነው። የዳክዬ ጫጩት አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ከሚጎዳቸው እንስሳት ግንባር ቀደሙ ነው። ደንበኛ ለቪዲዮ ብሎ ዳቦ ሲወረውርም ከልክሉ። ዶሮ ካላችሁ ለየብቻ አድርጓቸው፤ ዳክዬ ፈንግልን ሳይታመም ተሸክሞ ለዶሮ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጽዳቱን አልነግራችሁም፤ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል።

ልጁ በመጨረሻ «ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ከደጋ ላስይዝ?» ብሎኛል። አይሆንም። ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም የሌለ ወፍ ነው፤ በሕግ ደግሞ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። በፈቃድ የሚያረቡት የውጭ ሰዎችም ጥንዱን ለብቻው ነው የሚያኖሩት፤ በመራቢያው ጊዜ ጎረቤት አያስቆምም። ማየት የፈለገ መንዝ ጓሳ ይውጣ።

ሽቦውን ገና ካልገዛህ፣ ቀዳዳው ጠባቡን ግዛ። ሥሩን አንድ ክንድ ያህል ቅበረው፤ ውሻ ይቆፍራል። ጣሪያውንም እንዳትረሳ፤ ሸለምጥማጥ የሚገባው በላይ ነው።