ኤድመንድስ ወይስ ቡሪየን? ዳገቱን በእግር ሳይወጡ ቤት አይግዙ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎ 64፣ ባለቤትዎ 67። ኬንት ያለውን ቤት ሸጣችሁ፣ ከሲያትል ሳትርቁ፣ ባሕር አጠገብ፣ መኪና ሳያስፈልጋችሁ በእግር የምትኖሩበት ሰፈር ትፈልጋላችሁ። ከሲያትል በስተሰሜን ያለው ኤድመንድስ ይሻላል ወይስ በስተደቡብ ያለው ቡሪየን ብለዋል። ባለቤትዎ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ጽፈዋል። የእኔና የባለቤቴ ነገር ቁርጥ ይኼው ነበር። በሁለቱም ከተሞች ኖረናል። ከአንደኛው ስንወጣ ከ57 ሺህ ዶላር በላይ ጥለን ነው የወጣነው። እርስዎ ያንን ገንዘብ እንዳይጥሉት ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

1. ቁጥሩን አይመኑ። በቤት መሸጫ ድረ ገጾች ላይ ዎክ ስኮር የሚባል ከመቶ የሚሰጥ ቁጥር አለ። እዚሁ ሲያትል በ2007 የተጀመረ ነው። ከ70 በላይ ከሆነ አብዛኛው ጉዳይ በእግር ይደረሳል ይላል፣ ከ90 በላይ ከሆነ ደግሞ ለዕለት ጉዳይ መኪና አያስፈልግም። በዋናነት የሚለካው ርቀትን ነው። ሱቁ፣ ፋርማሲው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከበርዎ ምን ያህል ይርቃል፣ ይኼንን ነው የሚነግርዎት። ዳገት አይቆጥርም። የእግረኛ መንገድ መኖር አለመኖሩንም አይቆጥርም። እኛ ያንን ቁጥር አይተን ነው ልባችን የሞቀው።

2. ቤቱን በነሐሴ፣ በመኪና ሄደው አይዩት። እኛ በነሐሴ 2021 ነው ያየነው። ኤድመንድስ በነሐሴ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። በየመብራት ምሰሶው ላይ አበባ ተንጠልጥሏል። 5ኛ ጎዳናና ሜይን የሚገናኙበት ቦታ ፏፏቴ አለ፣ ሰው ዙሪያውን ቡና ይዞ ተቀምጧል። ከታች ባሕሩን ወደ ኪንግስተን የሚሻገረው መርከብ፣ ፌሪው፣ ይገባል፣ ይወጣል። ልናየው የሄድነው ኮንዶ፣ ማለትም ከአንድ የጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚገዛ ቤት፣ ከዚያ ሽቅብ፣ ወደ 9ኛ ጎዳና ሲወጡ ነበር። በረንዳው ላይ ስንቆም ባሕሩና የኦሎምፒክ ተራሮች ወለል ብለው ታዩን። ባለቤቴ ሃያ ምናምን ዓመት በኮንስትራክሽን የሠራ ሰው ነው። እጄን ያዘና «በቃ፣ እዚህ እንረፍ» አለኝ።

ከቤቱ ወደ ታች በእግራችን ወረድን። ደቂቃም አልፈጀብን። ስንመለስ ግን ቤቱን የምታሻሽጠው ሪልተር «ኑ ግቡ፣ ላድርሳችሁ» ብላ በመኪናዋ አወጣችን። ክፋት አልነበራትም። ነገር ግን ያቺ አንዲት ጉዞ ናት ጉድ የሠራችን። ያን ቀን በእግራችን ወጥተነው ቢሆን ኖሮ ፊርማ አንፈርምም ነበር።

ጥቅምት መጀመሪያ ገባን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከታች ገበያ አለና ባለ ሁለት ጎማ ጋሪዬን ይዤ ከባለቤቴ ጋር ወረድኩ። አሥር ፓውንድ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም ሞላሁ። መውረዱ እንደ ጨዋታ ነበር። መመለሻው ላይ ግን 6ኛን ስንሻገር ጋሪው ወደ ኋላ ይጎትተኝ ጀመር። 7ኛ ላይ ባለቤቴ የአንድ ሰው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንድ እጄ ጋሪውን፣ አንድ እጄ እሱን ይዞ ነው የደረስነው። በር ላይ ስንደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ምንም አላለኝም። እኔም አላልኩትም።

በማግስቱ ውሃ ልኩንና ሜትሩን ይዞ ወጣ። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ አጋደመው። እዚህ አገር ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ በ12 ኢንች ርዝመት ከ1 ኢንች በላይ ከፍ እንዲል አይፈቀድም። የእኛ መንገድ ከዚያ ያልፋል። የ12 ኢንቹን ውሃ ልክ አረፋው መሃል እስኪቆም ወደ ታች ካለው ጫፉ አነሳው፣ ሥሩ ያለውን ክፍተት በሜትር ለካና አሳየኝ። አንድ ኢንች ተኩል ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። «ለጤነኛ ወንበር የከለከሉትን ለታመመ ጉልበት ፈቀድንለት» አለ። እኔ ያን ቀን አለቀስኩ።

እና እህቴ፣ ትልልቆቹ የአስቤዛ መደብሮች ከታች፣ ያ የሚያምረው መሃል ከተማ ውስጥ አይደሉም። ዌስትጌት በሚባለው በኩል፣ ከመሃሉ ወጣ ብለው ነው ያሉት። ከታች የሚያገኙት ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ የስዕል መሸጫ፣ የስጦታ ዕቃ ነው። ለእንግዳ ደስ ይላል። ሳሙናና ዘይት ለሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ነው።

3. ትሬን አለ ሲሉዎት፣ «በስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ። ኤድመንድስ ባሕሩ ዳር የትሬን ጣቢያ አለው። ሳውንደር ይባላል። እኛ ይኼን ስንሰማ ቤተ ክርስቲያን በትሬን እንሄዳለን ብለን ደስ ብሎን ነበር። ሳውንደሩ ግን የሠራተኛ ትሬን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ወደ ሲያትል፣ ማታ ወደ ኋላ። የሰንበት ቅዳሴ አያውቅም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ደቡብ ሲያትል ነው። ላይት ሬል የሚባለው የከተማ ባቡር ያኔ ኖርዝጌት ላይ ነበር የሚያበቃው። ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ ላይት ሬል፣ ከዚያ እንደገና እግር። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቅዳሴው ግማሽ ላይ ነው የምንደርሰው። ክረምቱን ሙሉ ልጃችን እየመጣ ሲያደርሰን ከረመ፣ ያለ መኪና እንኖራለን ያልነው ሰዎች የልጃችንን መኪና ስንጠብቅ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር አሁን ተሻሽሏል። ላይት ሬሉ በነሐሴ 2024 ሊንዉድ ደርሷል፣ ከኤድመንድስ በአውቶቡስ ወደዚያ ይወጣል። እኛ ከወጣን በኋላ መሆኑ ነው የሚቆጨኝ።

4. የኮንዶውን ወረቀት ራስዎ ያንብቡት። ይኼኛው ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

በዋሽንግተን ግዛት ኮንዶ ሲገዙ ሻጩ ሪሴል ሰርቲፊኬት የሚባል ሰነድ መስጠት አለበት። የሕንፃው ማኅበር ምን ያህል መጠባበቂያ ገንዘብ እንዳለው፣ ምን ዕዳ እንዳለበት፣ ምን ጥገና እንደታሰበ ይናገራል። ሰነዱ እጅዎ ከገባ በኋላ አምስት ቀን አለዎት። በነዚያ ቀናት ውስጥ ውሉን ቢሰርዙ ማንም አይጠይቅዎትም። ሰነዱ ለእኛም በኢሜይል መጣ። 214 ገጽ። ሪልተሯ «የተለመደ ወረቀት ነው» አለችን። እኔም ዕቃ በማሸግ ላይ ነበርኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይቼ ተውኩት። አምስቱ ቀን እንደዋዛ አለፈ።

በየካቲት 2022 ደብዳቤ መጣ። የሕንፃው የውጭ ልባስ በዝናብ በስብሷል፣ በሙሉ ይቀየራል፣ የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ይኼን ያህል ነው ይላል። የእኛ 31,400 ዶላር ነበር። ስፔሻል አሰስመንት ይሉታል። ያን ጊዜ 214ቱን ገጽ አወጣሁት። ገጽ 163 ላይ፣ ካለፈው ዓመት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ውስጥ፣ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ልባሱ መበስበሱን ያውቁ ነበር።

ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ቢሮ ሄድኩ። አንድ ወጣት ነው ያለው። ተቀመጪ አላለኝም። በከፊል መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ሰነዱ ደርሶሻል፣ ፈርመሻል» አለኝ። ስለ ገጽ 163 ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝና «ቤተሰብሽ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብልሽ ሰው አለ?» አለኝ።

እህቴ፣ እኔ 22 ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። የስንቱን በሽተኛ ካርድ አንብቤያለሁ፣ የስንቱን መድኃኒት መጠን አጣርቻለሁ። አንዲት ስህተት አልተገኘብኝም። ያ ልጅ የተናገረኝ ቃል ከ31 ሺህ ዶላሩ ይልቅ ዛሬም ያቃጥለኛል። ቤት ገብቼ በጽሑፍ ጠየቅኩ፣ አንቀጹን ጠቅሼ፣ ቀን ቆጥሬ። በስድስት ወር እንድንከፍል ፈቀዱ። ልጁ ይቅርታ አላለኝም።

በ2023 ጸደይ በገዛንበት ዋጋ ሸጥነው። የሪልተር ኮሚሽንና የመዝጊያ ወጪ ወደ 26 ሺህ ወሰደ። ከልባሱ ጋር ይደምሩት።

አሁን ወደ ቡሪየን ልምጣ። በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ አንድ ዓመት ተከራየን። ይኼን በጣም እመክርዎታለሁ። ኬንት ያለው ቤት እንደተሸጠ ገንዘቡ እጅ ላይ ሲሆን ሰው ይቸኩላል። አይቸኩሉ። እኔ ከመከራየታችን በፊት ብቻዬን ሄጄ ዞርኩት። ሆን ብዬ ዝናብ የሚዘንብበትን ቀን መረጥኩ። በታኅሣሥ እዚህ አገር ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ገደማ ላይ እንደምትጠልቅ ያውቃሉ። እኔ አሥር ተኩል ላይ፣ ሲጨልም፣ ጋሪዬ ውስጥ ሁለት ጋሎን ውሃ ጭኜ 152ኛ ጎዳናን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። ሜዳ ነው። መብራት አለው። ማዘጋጃ ቤቱና ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፣ እዚያ ገብቼ ኮቴን አደረቅኩ። አስቤዛው፣ ፋርማሲው፣ ባንኩ፣ የአውቶቡስ ጣቢያው ሁሉም እዚያው ዙሪያ ነው። ቤት ስመለስ ወገቤን አላመመኝም። በዚያ ነው የወሰንኩት።

ኤች ላይን የሚባለው አውቶቡስ በመጋቢት 2023 ጀምሯል፣ በዋይት ሴንተር አድርጎ ዳውንታውን ያደርሳል። ኤፍ ላይን ወደ ታክዌላ ላይት ሬል ጣቢያ ይወስዳል። ከዚያ ኦቴሎ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ረኒየር ጎዳና፣ እንጀራውም ቅመሙም ዘመዱም ያለበት ቅርብ ነው። ለቤተ ክርስቲያን አንድ ሰዓት አይሞላብንም። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው ኦርካ የሚባለውን የጉዞ መክፈያ ካርድ በቅናሽ ያወጣል፣ አውቶቡሱም ላይት ሬሉም 1 ዶላር ነው። ባለቤትዎ ዛሬውኑ ያውጡ፣ እርስዎ ልደትዎን ይጠብቁ።

የቡሪየንን ጉድለት አልደብቅዎትም። አውሮፕላን አለ። ሲታክ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሦስተኛው ማኮብኮቢያ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ቡሪየን ላይ ድምፁ ብሷል ብለው የቆዩ ነዋሪዎች ያማርራሉ። እኛ ለምደነዋል፣ እንቅልፋቸው ቀላል የሆነ ሰዎች ግን አይለምዱትም። ከ152ኛ ወጣ ሲሉ የእግረኛ መንገድ የሌላቸው ብዙ ጎዳናዎች አሉ፣ ዳር ዳሩን ከመኪና ጋር እየተጋፉ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ቡሪየን ሲባል ቡሪየን ሁሉ አይደለም፣ ከመሃሉ አምስት ስድስት ብሎክ ውስጥ ካልሆነ አይግዙ። ባሕሩም ሲኸርስት ፓርክ ላይ ነው፣ መንገዱ ገደል ወርዶ ነው፣ ጉልበት ያመመው ሰው በእግሩ ወርዶ አይመለስበትም። እኛ የልጅ ልጃችን ሲመጣ በመኪና እንወርዳለን። ባለቤቴ ጠጠሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ፀሐይ እስክትገባ ይቀመጣል። ባሕሩን በየቀኑ ከመስኮት ማየት ከፈለጋችሁ ቡሪየን መሃል አይሆናችሁም። ዳቦ በእግር ከፈለጋችሁ ይሆናችኋል። ሁለቱን በአንድ ላይ፣ በጡረታ ገንዘብ፣ ሜዳ ላይ፣ እኔ ፈልጌ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ረስቼ። በ2024 እዚሁ ቡሪየን ትንሽ ቤት ስንገዛ ሰነዱን በሁለት ቀን ጨረስኩት፣ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ። ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ፣ ሦስቱም በጽሑፍ ተመለሱልኝ። ከዚያ ቡሪየንም ኬንትም ያሉበትን የኪንግ ካውንቲን የአዛውንቶች የንብረት ግብር ቅናሽ ራሴ ሞላሁ። ዕድሜዎ 61 ከሞላ፣ ቤቱ የራስዎ ከሆነና ከኖሩበት፣ የዓመት ገቢያችሁ ከ84 ሺህ ዶላር ካልበለጠ ያገኙታል፣ ይኼ ከ2024 እስከ 2026 ያለው ገደብ ነው። ማንም አልረዳኝም፣ ተፈቅዶልናል። እርስዎ ኬንት የራስዎ ቤት ውስጥ ከኖሩ አሁንም ይገባዎት ይሆናል፣ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ኤድመንድስ ስኖሆሚሽ ካውንቲ ስለሆነ የገቢው ገደብ ሌላ ነው።

ኤድመንድስ ልባችሁን ከወሰደው ሂዱና ኑሩበት፣ ሕዝቡ ጨዋ ነው፣ ከተማው ንጹሕ ነው። ብቻ ከ5ኛ ጎዳና አካባቢ፣ ከሜዳው ላይ ፈልጉ፣ ዋጋው ወደድ ይላል። ከመፈረምዎ በፊት ግን ባለቤትዎን ይዘው፣ ጋሪ ሞልተው፣ ከታች እስከ በሩ ይውጡት። ጋሪ ከሌለዎት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ የእኔን አውስዎታለሁ። ጎማው አዲስ ነው፣ ባለፈው ወር ባለቤቴ ቀይሮታል።