«ሰንበት አትሻሪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በልብስ ስፌት የምተዳደር ነኝ። ሥራ ሲደራረብብኝ እሑድም የስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ ታዲያ «ልጄ፣ ሰንበት አትሻሪ» ትለኛለች። ሲሽር የማውቀው ቁስል ነው፤ ቀን እንዴት ይሻራል? ሰንበትስ ቅዳሜ ነው ወይስ እሑድ?

መልስ፦ የእናትዎ አማርኛ ከነክብደቱ የቆየ አማርኛ ነው። «ሻረ» ከግእዙ «ሰዐረ» የመጣ ሲሆን ከሥልጣን አወረደ፣ ውድቅ አደረገ ማለት ነው። «ሹም ሽር» የምንለው ከዚሁ ነው። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም የሥር ፍርድ ቤትን ውሳኔ ይሽራል። የትንሣኤ ዋዜማ «ቀዳም ሥዑር» የተባለችውም በዚሁ ግስ ነው። ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነች ከእህል ውሃ ተከልክሎ አይዋልባትም፤ በዚያች አንዲት ቀን ግን ይጾማልና የተሻረች ቅዳሜ ተባለች። ቁስል ሻረ ስንልም፣ እኔ እንደማየው፣ ሕመሙ ጉልበቱን አጣ ማለታችን ነው።

የሚሻረው የተሾመ ነው። አማርኛ ሰንበትን እንደ ሹም ያያታል፤ ስለዚህ ወይ ትከበራለች ወይ ትሻራለች። ሐይቅ አጠገብ ያሳደገችኝ አያቴ ዓርብ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጥጧን ከነእንዝርቷ በመሶብ ከታ ከቆጥ ላይ ትሰቅለው ነበር። እስከ ሰኞ ጧት አይወርድም። ደክሟት አልነበረም፤ እንግዳ ሊገባ ሲል ቤት እንደሚሰናዳው ነበር የምትሰናዳው።

ቀኑን በተመለከተ ሁለቱም ሰንበት ናቸው። «ቅዳሜ» የምንላት «ቀዳሚት ሰንበት» ናት፤ እሑድ ደግሞ «አሐዱ»፣ የመጀመሪያው ቀን፣ «ሰንበተ ክርስቲያን» ነው። ይህ ያለ ክርክር የጸና አይደለም። ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር ያሉት የመነኩሴው የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ብዙ ተሰደዋል፤ ከእነሱ አንዱ፣ የደብረ ቢዘን ገዳም አበምኔት አቡነ ፊልጶስ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን በግዞት የተቀመጡት እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር። ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው፤ ሁለቱም ይከበሩ ተባለ። (የሙስሊም ጎረቤቶችዎ ጁምዓ ሌላ ሥርዓት ነው፤ ለሶላቱ ንግድ ይተዋል፣ ከሶላት በኋላ ወደ ሥራ መመለስ ይፈቀዳል።)

«ሰነበተ»ም ከዚሁ ቤት ነው። ሌሊቱን «እንዴት አደርሽ»፣ ቀኑን «እንዴት ዋልሽ» እንላለን፤ ቀናት ሲያልፉ ግን «እንዴት ሰነበትሽ» ነው። ከጠፋ ሰው ጋር ያለፈውን ጊዜ የምንቆጥረው በሰንበት ነው ማለት ነው። ስንለያይም እንሰናበታለን፤ «ደኅና ሰንብቺ» እንላለን። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ሰላምታችን ሳይቀር ዕረፍቷን ተሸክሟል።

ሰንበትን ማክበር «ሥራ መፍታት» እንደማይባልም ልብ ይበሉ። ሥራ ፈት ስድብ ነው። «በሰንበት አረፍኩ» ቢሉ አማርኛው ልክ ነው፤ ዕረፍቱ ግን የእርስዎ ነው። «ሰንበትን አከበርኩ» ሲሉ ክብሩ የቀኗ ይሆናል፤ የእናትዎ ቃልም ያዘለው ይህንኑ ነው። እሑድ የስፌት መኪናዎን ጨርቅ ሲያለብሱት «ሰንበት አከበርኩ» ይበሏቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።