የወሎን ተራሮች የቀረጸው በረዶ ነው ወይስ ውኃ?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ወሎ ደጋ የመሬት አቀማመጥ የተጠየቁትን መርጠናል።

ጥያቄ (ከደላንታ)፦ የኖርዌይንና የስኮትላንድን ሸለቆዎች የቦረቦረው ግግር በረዶ እንደሆነ ተምረናል። የበሽሎንም ገደል የሠራው እርሱ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ከ20,000 ዓመታት በፊት ገደማ ሰሜን አውሮፓን ሸፍኖ የነበረው ግግር በገዛ ክብደቱ እየተንሸራተተ፣ በሥሩ የተጣበቁትን ድንጋዮች እንደ ሞረድ እያፋጨ፣ የሸለቆዎቹን ወለል አስፍቶ ጎናቸውን ቀጥ አድርጎታል። በሽሎ ግን ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የሚጠብ፣ ውኃ የቆረጠው ገደል ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ተደራርቦ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት አምባውን ሠራ፤ ምድሩ ከፍ ሲል ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ወንዞች ሰነጣጠቁት። የወገል ጤና ኦፓል ቆፋሪዎች ገደሉን ወደ ጎን ሰርስረው የሚገቡት፣ ማዕድኑ በእነዚሁ ንብርብሮች መካከል በሚገኝ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ ከተማ)፦ ሐይቃችንስ የቀለጠ ግግር ነውን?

መልስ፦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ግግር አልነበረም። ጎድጓዳውን ያዘጋጀው በአፋር ስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ያለው የመሬት መሰንጠቅና መስመጥ ነው።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ ታዲያ በወሎ ግግር በረዶ ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው?

መልስ፦ ነበረ፤ ይህም ከሚታወቀው በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው። 4,260 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ሰንሰለት ላይ አጥኚዎች የጥቂት ትናንሽ ግግሮችን አሻራ አግኝተዋል። ግግሩ ገፍቶ የተወው የድንጋይና የአፈር ክምር ብዙውን ጊዜ በቅስት መልክ ይቀመጣል፣ ከኋላው ጎድጓዳ ቦታ ይተዋል፣ በውስጡም ጠርዛቸው የደነዘዘ፣ አንዳንዴም ጭረት ያለባቸው ድንጋዮች ይገኛሉ። የናዳ ክምር ሲሆን ግን ከበላዩ የተገነጠለበት ጠባሳ ይታያል። በደሴ ዙሪያ ናዳ የተለመደ ስለሆነ፣ ክምር ያየ ሁሉ በረዶ ሠራው ከማለቱ በፊት ይህን ጠባሳ ቢፈልግ መልካም ነው።

ጥያቄ (ከዚያው አንባቢ)፦ እንደ ባሌ ሰፊ ያልሆነው ስለምንድን ነው?

መልስ፦ በባሌ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሰፊ ሜዳ ስላለው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን ግግሩ ተንጣሎ ነበር፤ በወሎ ግን ያን ከፍታ የሚያልፉት ጥቂት ጫፎች ብቻ ናቸው። ከዚያም በኋላ ቅዝቃዜው ሳያበቃ ዝናቡ አነሰ፤ ጣና ሐይቅ እንኳ ከ18,000 እስከ 16,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ደርቆ ነበር።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ ዛሬስ ብርዱ መሬቱን ይለውጣል?

መልስ፦ አዎን፣ በትንሹ። በውርጭ አካባቢዎች ሌሊት በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት መርፌ በሚያህሉ የበረዶ ዘንጎች ይረጋና የላይኛውን አፈር ያነሣዋል፤ ረፋድ ላይ ሲቀልጥ አፈሩ ልል ሆኖ ይቀራል። ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር ባልተነካበት ቁልቁለት ሥሩ ይህን አፈር ይይዘዋል፤ በተራቆተው ቁልቁለት ግን የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል።