ለእናታችሁ መኪና ከመላካችሁ በፊት ሐረጎን አስቡት

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ዘንድሮ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደሴ ላሉት ቤተሰቦቼ ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ከቨርጂኒያም ይደወላል፣ ከፍራንክፈርትም፣ ከስቶክሆልምም። ከዚያ ድምፅ ዝቅ ይላል። «እነዚህ መኪኖች ይሰልላሉ የሚባለው ግን እውነት ነው እንዴ?» እኔ 19 ዓመት ሰው አገር ታክሲ ነድቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። አሁን ደሴና ኮምቦልቻ መሀል እመላለሳለሁ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ከውጭ ለሚገባ የቤት መኪና «ነዳጅ ወይስ ኤሌክትሪክ» የሚለው ክርክር አልቋል። የቀረው «መኪና ወይስ ሚኒባስ» ነው። እሱን ደግሞ ሳታስቡት ገንዘብ አትላኩ።

በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት የማያውቅ ወለየ የለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መሀላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ጠመዝማዛ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ዳገት ላይ ያምርበታል፣ እውነቱን ልናገር። የነዳጅ ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪኩ ከፍታውን አያውቀውም። ሲወጣ ለዳገቱ ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት (የቤታችሁ ቆጣሪ መብራት የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ተጨማሪ ይበላል። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ከዚያው የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ፍሬን ሳትረግጡ ትወርዳላችሁ ማለት ነው።

አንድ ጉዳይ ግን ሻጩ አይነግራችሁም። ደሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሰክታችሁ ጠዋት 100 በመቶ ሞልቶ ብትወርዱ ባትሪው የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ያኔ ያ ራሱን የሚይዘው ነገር ይላላል፣ መኪናው ከለመዳችሁት በላይ ይንደረደራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥመኝ የሐረጎ አንዱ ጥምዝ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ሲኖትራክ፣ ከጎኔ ገደል። ፍሬኑ ይሠራል እኮ፣ ግን እግሬ ረስቶታል። ከዚያ ወዲህ ወደ ኮምቦልቻ የምወርድ ከሆነ 80 ላይ አቆመዋለሁ።

ቻርጁ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። እቤት ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ገመድ 2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚስበው። እናቴ «የእኔ ምጣድ ከዚህ ይበልጣል፣ ምን ታካብዳላችሁ» አለች። አልተሳሳተችም፣ ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ግን ምጣድ እንጀራው ካለቀ ይነቀላል፣ መኪናው እስኪነጋ ይጠባል። ሦስተኛው ሌሊት ላይ የላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰን። ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ምላስ ወጥቷል። የቤቱ ገመድ የድሮ ነው፣ ቀጭን ነው፣ በላዩ ላይ ኤክስቴንሽን ተቀጥሏል። ስለዚህ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ላኩ። ከቆጣሪው ቀጥታ ለብቻው ወፍራም መስመር ያስገባ፣ ብሬከር ያድርግበት። ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

መብራት ይጠፋል ወይ? ይጠፋል። ግን ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፣ አራት አምስት ሰዓት ቻርጅ ይሸፍነዋል። ለከተማ ኑሮ አብሽሩ። አዲስ አበባ ለመውጣት ያሰበ ግን ይጠንቀቅ። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነች፣ ከሷ በኋላ ጣርማበር ዋሻ እስክትደርሱ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፣ ለዳገቱ ብቻ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ «400 ይሄዳል» የተባለ መኪና እዚያ ቀልድ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስሄድ ባስ ላይ እተኛለሁ።

አሁን ወደ ስለላው። መሰለል የኤሌክትሪክ ጠባይ አይደለም። ጉዳዩ መኪናው ውስጥ ያለው ሲም ካርድ ነው። የ2022 እ.ኤ.አ. የነዳጅ መኪና የምትነዱም እዚያው ናችሁ። ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2023 እ.ኤ.አ. 25 የመኪና ብራንዶችን ፈትሾ አንድም የግል መረጃ ፈተናውን አላለፈለትም። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጀርመኑ የሃከሮች ማኅበር ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የፎልክስቫገን ቡድን 800,000 ያህል ኤሌክትሪክ መኪኖች መረጃ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆኖ መገኘቱን አጋለጠ። ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት የት እንደቆሙ በትክክል ይታይ ነበር። ሰው ሌሊት የት እንዳደረ ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ፤ ጄኔራል ሞተርስ የሾፌሮችን አነዳድና ያሉበትን ቦታ ለመረጃ ነጋዴዎች በመስጠቱ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ጋር ተስማምቶ ለአምስት ዓመት ከዚህ ድርጊት ታግዷል። ያ መረጃ ኢንሹራንስ ጋ እየደረሰ ሰው ድንገት ፍሬን በመያዙ ክፍያ ሲጨመርበት ነበር። ኢንሹራንሳችሁ ያለ ምክንያት ከዘለለ ከመረጃ ነጋዴዎቹ አንዱ የሆነው ሌክሲስኔክሲስ ስለ እናንተ የያዘውን ፋይል በነጻ ጠይቁ፣ የመስጠት ግዴታ አለበት። አውሮፓ ያላችሁ መኪና አምራቹን ስለ እናንተ ምን እንደያዘ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ሼር የሚለውን አጥፉ፣ «ጎበዝ ሾፌር» ብሎ ነጥብ የሚሰጣችሁን ፕሮግራም እንቢ በሉት፣ መኪና ስትሸጡ ስልካችሁንና አካውንታችሁን አጥፍታችሁ ስጡ። ኡበር የምትነዱት ግን አትድከሙ፣ አፑ መሪ ከያዛችሁበት ደቂቃ ጀምሮ አብሯችሁ ነው።

ደሴ ላለው መኪና ይህ ብዙም አያሳስብም። አብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው፣ ስክሪኑ ቻይንኛ ይናገራል፣ አፑ ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ እዚህ ሲደርስ ግማሹ ደንቆሮ ይሆናል። ደሴ ላይ የሚሰልለው ሌላ ነው፤ እናንተ ናችሁ። እኔም ነበርኩ።

ሰው አገር እያለሁ ለታናሽ እህቴ መኪና ገዛሁላት። ለሌባ ብዬ ጂፒኤስ አስገጠምኩበት። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር የማየው። ከዚያ በቀን አንዴ፣ ከዚያ ተሳፋሪ ስጠብቅ ሁሉ። ካርታው ላይ ቀይ ነጥቧ ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ ስትል ደሴ የገባሁ ይመስለኝ ነበር፣ ናፍቆትም አለበት። አንድ ቀን እኔ ጋ እኩለ ቀን አልፏል፣ ደሴ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ ነጥቧ ጢጣ ላይ ቆማለች። ደወልኩ። «ጢጣ ምን ትሠሪያለሽ?» ዝም። ከጀርባ ሴቶች ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ለቅሶ ቤት ነበረች። ወጥታ ነው መሰለኝ ድምፁ ራቀ፣ ከዚያ «ወንድም ጋሼ፣ መኪና ነው የሰጠኸኝ ወይስ ማሰሪያ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ መኪናውን አልነካችውም። ሁለት ወር ግቢ ውስጥ ቆመ። ጂፒኤሱ ግን ሥራውን አልተወም፣ የሚጠባው ደግሞ ከትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ ከግማሽ በላይ እያለው ትንሿ አልቃ መኪናው በር እንኳ አልከፍት አለ። የላክሁት ሰላይ የላክሁትን መኪና ገደለው። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፣ ግን እህት ወንድሟን በአዋጅ አትከስም፣ ስልክ ማንሳት ነው የምትተወው። ስለዚህ ጂፒኤስ ካስፈለገ ይገጠም፣ አፑ ግን መኪናውን በሚነዳው ሰው ስልክ ላይ ይሁን። እናንተ ጋ ምን ይሠራል?

ሚኒባሱስ? እናንተ ባላችሁበት አገር መኪና ሳትገዙ በፊት የወር ትኬቱን ቁጠሩት። ጀርመን በመላ አገሪቱ የከተማና የቅርብ ባቡርና አውቶቡስ የሚያስኬደው ትኬት ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወር 63 ዩሮ ነው። ኢንሹራንስ ብቻውን ስንት ትከፍላላችሁ? ካርዱም የት እንደወጣችሁ ሊይዝ ይችላል፣ ቢሆንም ሎንዶን ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ ሳትመዘገቡ በጥሬ ገንዘብ መሙላት ትችላላችሁ፣ መኪና እንደዚያ የለም። እዚህ ደግሞ ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ጠዋትም ማታም አይጠፋም፣ ውስጥ ለውስጥ ባጃጅ አለ። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ ባቡርን የምትጠይቁኝም አላችሁ። ሐዲዱ አለ፣ ያውም ለኤሌክትሪክ የተሠራ። እኔ ግን መንገደኛ ጭኖ ሲመላለስ እስካሁን አላየሁም፣ ስለዚህ ሒሳብ ውስጥ አታስገቡት።

ሒሳቡን ሠርታችሁ ቤተሰቡ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚወጣ ከሆነ የመኪናውን ገንዘብ ለሌላ ነገር አድርጉት። በየቀኑ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ካለ፣ ወይም ሆስፒታል የሚመላለስ በሽተኛ ካለ ግን ግዙ፣ ሳትሰስቱ። የሚኒባስ ግፊያ ለታመመ ሰው አይሆንም። እኛ ቤት እህቴ ዛሬ መኪናውን ኮምቦልቻ ሥራ ትሄድበታለች፣ ጂፒኤሱ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ነው። እናቴን ግን ማንም አላሳመናትም። ድምፅ የሌለው መኪና አላምንም ትላለች። ኮምቦልቻ የምትወርደው በሚኒባስ ነው፣ ረዳቶቹ በስሟ ያውቋታል፣ ጋቢና ካልሰጧት ደግሞ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች እንጂ አትሳፈርም።