ጥያቄና መልስ፦ ስኳር ለመለካት ጣት ሲወጋ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስኳር ሲለኩ ስለሚሰማ ሕመም ናቸው።

ጣቴን ከመውጋቴ በፊት በአልኮል መጥረግ ግድ ነው?

አይደለም። በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። አልኮሉ ሳይደርቅ ከወጉ ያቃጥላል፣ ሲደጋገምም ቆዳ ያደርቃል። ሳይታጠቡ መለካት ግን አይሆንም፤ ፍራፍሬ የነካ ጣት በደም ውስጥ የሌለ ስኳር ያሳያል።

ኢንሱሊን የምትወስድ አንዲት እናት ጣቶቿ እየቆሰሉ ስላስቸገሯት መለካት ካቆመች መሰንበቷን ጽፋልኛለች። ሐኪሟ እንዳይቆጣት የስኳር ልኬቷን የምትጽፍበትን ደብተር በግምት ሞልታ ትሄዳለች። «ሰነፍ ሆኜ ይሆን?» ትላለች።

ሰነፍ አይደሉም። የሚያም ነገርን በየቀኑ በገዛ እጅ በራስ ላይ ማድረግ ከባድ ነው። እኔን ያስፈራኝ ደብተሩ ነው። ሐኪምዎ የኢንሱሊኑን መጠን የሚወስነው ያንን ቁጥር አይቶ ነው። በግምት የተጻፈ 220 ኢንሱሊን ሊያስጨምር ይችላል፤ ያኔ ሌሊት ተኝተው ሳለ ስኳርዎ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ቢወርድ ማን ያውቃል? እባክዎ ያልለኩበትን ቀን ባዶ ይተዉት። ባዶ ቦታ ሐኪሙን ያስጠይቀዋል፣ የሐሰት ቁጥር ያሳስተዋል።

ወደ ሕመሙ ልምጣ። የጣትዎን ጫፍ መሃሉን የሚወጉ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ብዙ የስሜት ነርቮች ያሉት እዚያ ነው፣ ዕቃ የሚነኩትም በእሱ ነው። ጎኑን ይውጉ። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አሳርፈው የቀሩትን በሁለቱም እጅ በየተራ ያዳርሱ። የመውጊያውን፣ ማለትም መርፌው የሚሰካበትን መሣሪያ፣ ጥልቀት ከዝቅተኛው ቁጥር ይጀምሩ፤ ደም ከወጣ በቃ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ መለኪያዎች ከ1 ማይክሮ ሊትር የማይበልጥ ደም ይበቃቸዋል። መርፌውን ሁልጊዜ ይቀይሩ፣ የዶለዶመ መርፌ የበለጠ ያማል። ሲገዙም በላዩ የተጻፈውን የጌጅ ቁጥር ይዩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፣ 33 ከ28 ይቀጥናል ማለት ነው። ደም እምቢ ካለ እጅዎን ያሙቁት፣ ወደ ታች ያንጠልጥሉት፣ ከጣቱ ሥር ወደ ጫፍ ቀስ እያሉ ያሹት። ጫፉን አጥብቆ መጭመቅ ያሳምማል፤ ደሙንም ከሌላ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

ሌላም ልጨምር። ሰው በመለካት የሚሰለቸው ስላመመው ብቻ አይደለም፤ ተወግቶ የጻፈውን ማንም ሳያየው ሲቀርም ነው። ስለዚህ በየትኛው ሰዓት ለምን እንደሚለኩ፣ ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ምን እንደሚያደርጉ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ጥቅም የሌለው ልኬት ካለ እሱው ራሱ ይቀንስልዎታል።

ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሄደው መለካት ማቆምዎን ይንገሩት፣ የቆሰሉትንም ጣቶች ያሳዩት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ስኳር አለብን። መርፌውን እየቀየርን አንዱን መውጊያ ብንጋራስ?

በፍጹም! መውጊያው ራሱ በዓይን የማይታይ ደም ይይዛል፤ ሄፓታይተስ ቢ በዚህ መንገድ ተላልፎ ያውቃል። ባልና ሚስት መሆን አይከላከልም። ለየራሳችሁ ያዙ።

በጣት ፈንታ ክንዴን ብወጋስ? ወይስ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ ይሻላል?

የመለኪያው መመሪያ ከፈቀደ ክንድ ያነሰ ያማል። ነገር ግን ከምግብ በኋላ፣ ከእንቅስቃሴ በኋላና ስኳርዎ የወረደ ሲመስልዎት ክንድን አይመኑ፤ ለውጡ እዚያ ዘግይቶ ይታያል። የሚለጠፈው ደግሞ ከቆዳ ሥር ካለው ፈሳሽ ስለሚለካ ከደም በደቂቃዎች ይዘገያል። መወጋትን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሆኖም የሚያሳየው ቁጥርና የሚሰማዎት ስሜት ካልተስማሙ ጣትዎን ይውጉ።

ኪኒን ብቻ ነው የምወስደው፤ በቀን ስንቴ ልለካ?

እንደ ኪኒኑ ዓይነት ይለያያል፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ያገለገለውን መርፌ የት ልጣል?

የማይበሳና የሚከደን ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያጠራቅሙና ጤና ጣቢያ ይስጡ፤ ቆሻሻ ውስጥ እንዲሁ ከጣሉት የሚወጋው ቆሻሻውን የሚያነሳው ሰው ነው።